«ስሜን ብቻ ነው ያዋስኩት»፦ በእንግሊዝ ሕግ የስም ዳይሬክተር ምን ይጠየቃል?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው ለንደን ይኖራሉ። የአጎታቸው ልጅ በ2017 ምግብ ቤት ሲከፍት «ፊርማህ ብቻ ነው የሚያስፈልገኝ» ብሎ ሁለተኛ ዳይሬክተር አድርጎ አስመዘገባቸው። አክሲዮን የላቸውም፣ ደሞዝ ወስደው አያውቁም፣ የባንክ ሒሳቡንም አንድ ቀን አይተውት አያውቁም። ኩባንያው በ2020 የ40,000 ፓውንድ ባውንስ ባክ ሎን (በኮቪድ ጊዜ ለትንንሽ ንግዶች የተሰጠ፣ መንግሥት ዋስ የሆነበት የባንክ ብድር) ወስዷል። ዛሬ የቫትና የሠራተኛ ግብር (ፔይ) ውዝፍ አለበት፤ የሁለት ዓመት ሒሳብም ለካምፓኒስ ሀውስ (ለኩባንያዎች መዝጋቢ መሥሪያ ቤት) አልገባም። የአጎት ልጅ ያሰበው «ካምፓኒውን ከመዝገብ እናሰርዝ፣ ከዘመድ የተበደርነውን እንመልስ፣ ያንኑ ምግብ ቤት በሚስቴ ስም በአዲስ ሊሚትድ እንቀጥል» ነው። ጠያቂው የራሳቸው ትንሽ የጽዳት ሊሚትድ ስላላቸው ተጨንቀዋል። «ምን ያገኘኛል? ዛሬውኑ ስሜን ባስወጣ አይበቃኝም?» ይላሉ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የምመልሰውም በእንግሊዝና ዌልስ ሕግ ነው።)

በመጀመሪያ፣ ስምዎን ማስወጣት ብቻውን አይበቃም። እንዲያውም አሁን ባሉበት ሁኔታ ምንም ሳይጠይቁ፣ ምንም ሳይጽፉ ሹልክ ብሎ መውጣት ከሚጎዱዎት ነገሮች አንዱ ነው። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

በ2006ቱ የኩባንያዎች ሕግ «የስም ዳይሬክተር» የሚባል ቀላል ክፍል የለም። በካምፓኒስ ሀውስ መዝገብ ላይ ዳይሬክተር ተብሎ የተመዘገበ ሰው ኩሽና ገብቶ ወጥ ቢሠራም፣ በሩን ረግጦ ባያውቅም ግዴታው አንድ ነው። ነገሩ በተቃራኒውም ይሠራል። አንቀጽ 250 ዳይሬክተር የሚለው የዳይሬክተርን ቦታ ይዞ የሚሠራን ማንኛውንም ሰው ነው፤ ስሙ መዝገብ ላይ ባይኖርም ሥራውን ከሠራ ዳይሬክተር ነው። ስለዚህ የአጎትዎ ልጅ ነገ በሚስቱ ስም ቢያስመዘግብና እሱ ቢያስተዳድር፣ እሱም ከተጠያቂነት አይወጣም፣ እሷም ልክ እርስዎ ዛሬ ያሉበት ቦታ ላይ ትቀመጣለች።

ሕጉ ከአንቀጽ 171 እስከ 177 ሰባት ግዴታዎችን ይዘረዝራል፦ በኩባንያው መተዳደሪያ ደንብ ወሰን መሥራት፣ የኩባንያውን ስኬት ማሰብ፣ በራስ ሚዛን መወሰን፣ ተገቢውን ጥንቃቄና ትጋት ማድረግ፣ ከጥቅም ግጭት መራቅ፣ ከውጭ ሰው ጥቅም አለመቀበል፣ ኩባንያው በሚገባው ውል ውስጥ የግል ጥቅም ካለ ማሳወቅ። የጥቅም ግጭትና የስጦታ ነገር የእርስዎ ችግር አይመስለኝም። የእርስዎ ችግር አንቀጽ 173 እና 174 ናቸው።

173 «በራስህ ሚዛን ወስን» ይላል። «እሱ ፈርም አለኝ፣ ፈረምኩ» ማለት ይህን ግዴታ መጣሱን በገዛ አፍ ማመን ነው። 174 ደግሞ ጥንቃቄን በሁለት መስፈሪያ ይለካል። የመጀመሪያው በዚያ ቦታ ላይ ከተቀመጠ ከማንኛውም ሰው የሚጠበቀው እውቀትና ትጋት ነው። ሁለተኛው እርስዎ ራስዎ ያለዎት እውቀት ነው። ሁለተኛው መስፈሪያ ደረጃውን ከፍ ያደርገዋል እንጂ ዝቅ አያደርገውም። «እኔ ሒሳብ አላውቅም» ስለዚህ አያድንም። የራስዎ የጽዳት ኩባንያ ያለዎት መሆኑ ደግሞ ይቆጠርብዎታል፤ ቫት ምን እንደሆነ፣ ሒሳብ መቼ እንደሚገባ ያውቃሉና።

ፍርድ ቤቶች ይህን በቤተሰብ ኩባንያዎች ላይ ደጋግመው አይተውታል። በ1997 በተወሰነው የፓርክ ሀውስ ፕሮፐርቲስ ጉዳይ ኩባንያውን የሚያስተዳድረው አባት ብቻ ነበር። ሚስቱ፣ ወንድ ልጁና ሴት ልጁ በስም ዳይሬክተር ሆነው ተቀምጠዋል፣ በሥራው አልገቡም። ሦስቱም እያንዳንዳቸው ለ2 ዓመት ከዳይሬክተርነት ታገዱ። ጥፋታቸው ያደረጉት ነገር አልነበረም፤ ምንም አለማድረጋቸው ነበር። በ2009 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ያየው የሌክሲ ሆልዲንግስ ጉዳይ ከዚህም ይከብዳል። ወንድም የኩባንያውን ገንዘብ ሲያሸሽ ሁለት እህቶቹ ዳይሬክተር ሆነው ዝም ብለዋል። ወንድማቸው ቀደም ሲል በማታለል ወንጀል እንደተቀጣ ያውቁ ነበር። በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ፓውንድ በግል እንዲከፍሉ ተፈረደባቸው። የእርስዎ ጉዳይ እዚያ አይደርስም፤ መርሁ ግን ያው ነው።

አሁን ደግሞ የማይጠየቁበትን ልናገር፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያለ አግባብ ይደነግጣልና። ሊሚትድ ማለት ሊሚትድ ነው። ሽንኩርት አቅራቢው፣ የመብራት ድርጅቱ፣ ባንኩ የሚፈልጉት ዕዳ የኩባንያው እንጂ የእርስዎ አይደለም። ዳይሬክተር ስለሆኑ ብቻ ማንም ቤትዎ ድረስ መጥቶ ዕቃ አይወስድም። ዕዳው ወደ እርስዎ ኪስ የሚሻገርባቸው በሮች የታወቁ ናቸው።

አንደኛው የግል ዋስትና ነው። የሱቁ ኪራይ ውል፣ የካርድ ማሽን ውል፣ የኩሽና ዕቃ ሊዝ ላይ ዳይሬክተሮች በግል እንዲፈርሙ መጠየቅ የተለመደ ነው። በ2017 «እዚህ ጋ ፈርም» ሲባሉ ምን እንደፈረሙ ያስታውሳሉ? የኪራይ ውሉን የመጨረሻ ገጾች ያግኙና ስምዎ «ዋስ» በሚለው ሥር መኖር አለመኖሩን ይዩ። ዋስ ከሆኑ ከዳይሬክተርነት መልቀቅ ዋስትናውን አያነሳም።

ሁለተኛው ከግብር መሥሪያ ቤቱ ከኤችኤምአርሲ ይመጣል። ከሠራተኛ ደሞዝ ጋር የሚሄደው የናሽናል ኢንሹራንስ መዋጮ ሳይከፈል ከቀረና ይህ የሆነው በማጭበርበር ወይም በቸልተኝነት ከሆነ፣ መሥሪያ ቤቱ ዕዳውን በማስታወቂያ ወደ ዳይሬክተሩ ማዞር ይችላል። እንደየጥፋቱ መጠን ለአንዱ ሦስት አራተኛውን፣ ለሌላው ሩቡን ብሎ ማከፋፈልም ይቻለዋል። «ቸልተኝነት» የሚለውን ቃል ልብ ይበሉ። ገንዘቡን ያልነኩ ሰው መሆንዎ ድርሻዎን ሊያሳንስ ይችላል፤ ከ2017 ጀምሮ ሳይጠይቁ መቆየትዎ ግን ለእርስዎ አይመሰክርም።

ሦስተኛው ኩባንያው ሲከስር ንብረቱን ሰብስቦ ለባለዕዳ ጠያቂዎች የሚያከፋፍለው ሒሳብ አጣሪ (ሊኩዊዴተር) ነው። በ1986ቱ የኪሳራ ሕግ አንቀጽ 214 መሠረት፣ ዳይሬክተሩ ኩባንያው ከኪሳራ የማይተርፍ መሆኑን ካወቀበት ወይም ማወቅ ከነበረበት ቀን በኋላ ንግዱ ከቀጠለና በባለገንዘቦች (ኩባንያው ዕዳ ባለባቸው ሰዎችና ድርጅቶች) ላይ ያለው ጉዳት ከጨመረ፣ የጨመረውን ከግል ኪሱ እንዲያዋጣ ፍርድ ቤት ሊያዝዘው ይችላል። መከላከያው አንድ ነው፦ ከዚያ ቀን ጀምሮ የባለገንዘቦችን ጉዳት ለመቀነስ ሊወሰድ የሚገባውን እርምጃ ሁሉ ወስጃለሁ ብሎ ማሳየት። ባዶ ፋይል ይዞ ይህን ማሳየት አይቻልም። በተጨማሪም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2022 በሴኳና ጉዳይ እንዳረጋገጠው፣ ኩባንያው ዕዳውን መክፈል ሲያቅተው ወይም አፋፍ ላይ ሲደርስ ዳይሬክተሩ የባለቤቱን ብቻ ሳይሆን የባለገንዘቦችንም ጥቅም ማሰብ አለበት። አፋፉ የሚለካውም በሁለት መንገድ ነው፦ ዕዳው ቀኑ ሲደርስ ይከፈላል ወይ? ንብረቱ ከዕዳው ይበልጣል ወይ? የቫት ውዝፍ ያለበት፣ ሒሳብ ማስገባት ያቃተው ምግብ ቤት አፋፉን ያለፈ ይመስላል።

ከዕዳ ሌላ የሚያሰጋዎት ከዳይሬክተርነት መታገድ ነው፤ እሱን ወደ መጨረሻው እመጣበታለሁ።

የአጎትዎ ልጅ ዕቅድ ሦስት ነገር ነው፤ ሦስቱም የየራሳቸው ወጥመድ አላቸው።

ከመዝገብ ማሰረዝ ቀላልና ርካሽ ስለሆነ ሰው ይወደዋል። ለዕዳ ማምለጫ ግን አልተሠራም። ማመልከቻው ዲኤስ 01 ይባላል። ኩባንያው ባለፉት 3 ወራት ከነገደ ማመልከት አይቻልም፤ ምግብ ቤቱ ትናንት እንጀራ ሸጦ ከሆነ ገና ከጅምሩ ክልክል ነው። ማመልከቻው ከገባ በ7 ቀን ውስጥ ቅጂው ለእያንዳንዱ ባለገንዘብ መድረስ አለበት፦ ለባንኩ፣ ለኤችኤምአርሲ፣ ለአከራዩ፣ ለሠራተኞች፣ ሌላው ቀርቶ ለማይፈርሙ ዳይሬክተሮችም። ይህን አለማድረግ ወንጀል ነው፤ ሆን ብሎ ለመደበቅ ከሆነ እስከ 7 ዓመት እስራት ያስከትላል። ሁለት ዳይሬክተር ባለበት ኩባንያ ማመልከቻው የሁለታችሁንም ፊርማ ይጠይቃል። እንግዲህ ቀጣዩ «እዚህ ጋ ብቻ ፈርም» ይህ ነው ማለት ነው። አይፈርሙ። ቢሠረዝም እንኳ ባለገንዘብ እስከ 6 ዓመት ድረስ ኩባንያውን ወደ መዝገብ ማስመለስ ይችላል፤ በ2021 በወጣው ሕግ ደግሞ የኪሳራ ጉዳዮች መሥሪያ ቤቱ (ኢንሶልቨንሲ ሰርቪስ) የተሠረዘን ኩባንያ ዳይሬክተሮች ኩባንያውን ሳያስመልስ መመርመር ይችላል። ሕጉ የወጣው በተለይ የባውንስ ባክ ሎን ወስደው ኩባንያ ያሠረዙትን ለመያዝ ነው።

ሁለተኛው፣ ከዘመድ የተበደሩትን ቅድሚያ መመለስ፣ ከእኛ ባህል ጋር ፊት ለፊት የሚጋጭ ነገር ነው። ከወንድም የተበደሩትን፣ የዕቁብ ዕጣ ለቆ የሰጠን ሰው ገንዘብ ሳይመልሱ ለመንግሥት መክፈል ነውር ይመስላል። የኪሳራ ሕጉ ግን ለአንዱ አድልቶ መክፈልን ይከለክላል። ዕዳውን መክፈል ያቃተው ኩባንያ አንዱን ባለገንዘብ ከሌሎቹ የተሻለ ቦታ ላይ ለማድረግ ፈልጎ ከከፈለው፣ አጣሪው ክፍያውን ሊያስመልስ ይችላል። ለማንኛውም ባለገንዘብ ወደ ኋላ የሚታየው 6 ወር ነው። ለኩባንያው ቅርብ ለሆነ ሰው ግን 2 ዓመት ነው፤ አድልዎ የነበረ መሆኑም ማስረጃ ሳያስፈልግ ይገመታል።

ቅርብ ማን ነው? የዳይሬክተሩ ሚስት፣ ወላጅ፣ ልጅ፣ ወንድምና እህት፣ አጎትና አክስት፣ የወንድምና የእህት ልጅ፣ እንዲሁም የሚስቱ ወገን ተመሳሳይ ዘመዶች። የአጎት ልጅ በዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ ዳይሬክተር የሆነ የአጎት ልጅ ግን በዳይሬክተርነቱ ቅርብ ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የአጎትዎ ልጅ በመጋቢት ለወንድሙ 12,000 ፓውንድ ይመልሳል፤ በዚያው ወር የቫት ዕዳ 18,000 ነበር፤ ኩባንያው በቀጣዩ ዓመት ጥር ይከስራል። አጣሪው የባንክ ወረቀቱን ገልጦ 12,000ውን መጀመሪያ ከወንድምየው ይጠይቃል፤ ቀጥሎ «ይህ ሲከፈል ዳይሬክተሮቹ ምን ይሠሩ ነበር?» ብሎ ወደ እርስዎ ይዞራል። ዘመድን ለመርዳት የታሰበው ክፍያ ዘመዱን ሙግት ውስጥ ይከተዋል።

ሦስተኛው፣ ያንኑ ስም ይዞ በአዲስ ሊሚትድ መቀጠል ነው። ኩባንያው በኪሳራ ተጣርቶ ከተዘጋ (ይህ ክልከላ የሚነሳው በማጣራት እንጂ ከመዝገብ በማሰረዝ አይደለም) ከመዘጋቱ በፊት ባሉት 12 ወራት ውስጥ ዳይሬክተር የነበረ ማንም ሰው ለ5 ዓመት ያንኑ ወይም የሚመሳሰል ስም ያለው ንግድ መምራትም ሆነ በመምራቱ መሳተፍ አይችልም። ከሕጉ ውስን ፈቃዶች ውጪ ይህን ማድረግ ወንጀል ነው፤ በዚያ ላይ የአዲሱን ኩባንያ ዕዳ በግል ያሸክማል። ክልከላው በእርስዎም ላይ ይሠራል። የአጎትዎ ልጅ ክልከላውን እየጣሰ እንደሆነ እያወቀች በእሱ ትእዛዝ የምታስተዳድረው ሚስትም የዕዳው ተካፋይ ትሆናለች። ምድጃውንና ማቀዝቀዣውን ወደ አዲሱ ኩባንያ በነፃ ወይም በርካሽ ማሻገር ደግሞ እስከ 2 ዓመት ወደ ኋላ የሚፈርስ ግብይት ነው። ዕቃውን መግዛት ክልክል አይደለም፤ ገለልተኛ ገማች ዋጋ አውጥቶለት፣ ገንዘቡ ወደ አሮጌው ኩባንያ ሒሳብ ገብቶ ይሁን።

የባውንስ ባክ ሎኑን በተመለከተ ብድሩ ያለ ግል ዋስትና የተሰጠ ነው፤ ባንኩ ዳይሬክተርን በዋስነት አይከስም። አደጋው ሌላ ቦታ ነው። የብድሩ ጣሪያ 50,000 ፓውንድ፣ ከዓመት ሽያጭም ከሩብ ያልበለጠ ነበር። 40,000 ለመውሰድ ምግብ ቤቱ በ2019 ቢያንስ 160,000 ፓውንድ መሸጥ ነበረበት። የ2019ን የቫት መግለጫዎች አውጥተው ደምሯቸው። ሽያጩ 90,000 ሆኖ ማመልከቻው 160,000 ብሎ ከሆነ፣ ወይም ገንዘቡ ለንግዱ ሳይሆን ለመኪና ወይም አዲስ አበባ ለሚሠራ ቤት ሄዶ ከሆነ፣ ይህ ብቻውን ለብዙ ዓመት እገዳ በቂ ነው። ማመልከቻውን ማን እንደሞላው ከባንኩ ይጠይቁ።

ያልገባው ሒሳብም ትንሽ ነገር አይደለም። የግል ኩባንያ ሒሳቡን ዓመቱ ካለቀ በ9 ወር ውስጥ ያስገባል። እስከ 1 ወር ካረፈደ 150 ፓውንድ፣ እስከ 3 ወር 375፣ እስከ 6 ወር 750፣ ከዚያ በላይ 1,500 ይቀጣል፤ በተከታታይ ሁለተኛ ዓመት ካረፈደ እጥፍ ይሆናል። ሁለቱም ዓመት ከ6 ወር በላይ ካለፈ 4,500 ፓውንድ ማለት ነው። ይህን የሚከፍለው ኩባንያው ነው። አለማስገባቱ ግን ለእያንዳንዱ ዳይሬክተር በግል ወንጀል ስለሆነ መጥሪያው በእርስዎ ስምም ይመጣል።

ታዲያ በዚህ ሳምንት ምን ያድርጉ? ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው።

ዛሬ ማታ በካምፓኒስ ሀውስ ነፃ ድረ ገጽ የኩባንያውን ቁጥር ያስገቡና ገጹን እንዳለ ያስቀምጡ። ስምዎ የተመዘገበበትን ቀን፣ የተመዘገበውን አድራሻ፣ በንብረቱ ላይ የተመዘገበ መያዣ መኖሩን፣ የማሰረዝ ማስታወቂያ መውጣቱን ይዩ። አድራሻው የድሮ ቤትዎ ከሆነ ለእርስዎ የተላከው ደብዳቤ ሁሉ እዚያ ቀርቷል።

ነገ ለአጎትዎ ልጅ ኢሜይል ይጻፉ። ስልክ አይበቃም፤ ዋትስአፕ ከስልክ ይሻላል፣ ኢሜይል ከሁለቱም። ዳይሬክተር የሒሳብ መዝገቡን በማንኛውም ጊዜ የማየት መብት አለው፤ ልመና አይደለም። የሚጠይቁት፦ የ24 ወር የባንክ መግለጫ፣ የቫትና የፔይ ዕዳ ደብዳቤዎች፣ የኪራይ ውሉ፣ የባውንስ ባክ ሎን ማመልከቻ፣ የዘመድ ብድር ዝርዝር፣ እሱ ከኩባንያው የወሰደው ገንዘብ። የመጨረሻው ጥያቄ ጸብ ሊያስነሳ ይችላል፤ አጣሪ መጀመሪያ የሚያየው ግን እሱን ነው።

በዚያው ሳምንት የዳይሬክተሮች ስብሰባ ይጥሩ። ኩባንያው የተለመደውን ሞዴል መተዳደሪያ ደንብ የሚጠቀም ከሆነ አንድ ዳይሬክተር ብቻውን መጥራት ይችላል። በቃለ ጉባኤው ላይ፣ በእንግሊዝኛ ቢሆን ይመረጣል፣ በዚህ መንፈስ ያስጽፉ፦ «ኩባንያው ዕዳውን በቀኑ መክፈል እንዳልቻለ አይቻለሁ። አዲስ ብድር እንዳይወሰድ፣ ለማንኛውም ዘመድ ክፍያ እንዳይፈጸም፣ ዕቃ እንዳይሸጥ፣ ፈቃድ ያለው የኪሳራ ባለሙያ እንዲማከር ጠይቄያለሁ። ከመዝገብ በማሰረዝ አልስማማም።» ስብሰባው ባይሳካ እንኳ ያንኑ በኢሜይል ይላኩ። ይህች ግማሽ ገጽ ከ2017 ጀምሮ የተውት ፋይል ውስጥ የመጀመሪያዋ ለእርስዎ የምትመሰክር ወረቀት ናት።

ፈቃድ ያለው የኪሳራ ባለሙያ የመጀመሪያውን ምክር ብዙ ጊዜ በነፃ ይሰጣል። ንግዱ ጤነኛ ሆኖ ያጨናነቀው ውዝፍ ብቻ ከሆነ ከኤችኤምአርሲ ጋር በየወሩ የመክፈል ስምምነት ይቻላል። ካልሆነ ትክክለኛው መንገድ በፈቃድ ማጣራት ነው፤ ለእሱ ባለአክሲዮኖች በ75 በመቶ ድምፅ መወሰን አለባቸው። እርስዎ አክሲዮን ስለሌለዎት ማስገደድ አይችሉም፤ መጠየቅና መጠየቅዎን ማስመዝገብ ይችላሉ።

እሱ ሁሉንም ገፍቶ ከሄደ፣ ያኔ ይልቀቁ። ምክንያቱን የያዘ የመልቀቂያ ደብዳቤ ይስጡ። ኩባንያው በ14 ቀን ውስጥ ለካምፓኒስ ሀውስ ማሳወቅ አለበት፤ ካላደረገ የደብዳቤውን ቅጂ ይዘው እርስዎ ለመዝገቡ ይጻፉ። መልቀቂያው ከዚያ ቀን በኋላ ላለው እንጂ በኋላዎ ላለው አይሠራም፤ አጣሪው ሪፖርት የሚጽፈው ከኪሳራው በፊት ባሉት 3 ዓመታት ዳይሬክተር በነበሩት ሁሉ ላይ ነው። ከኖቬምበር 18 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ ዳይሬክተሮች ማንነታቸውን ማረጋገጥ ግዴታ ሆኗል፤ ነባሮቹ ከኩባንያው ቀጣይ ዓመታዊ ማረጋገጫ ጋር የግል ኮዳቸውን ያስገባሉ። የአጎትዎ ልጅ ኮድዎን ከጠየቀዎ ምን እንደሚያስገባበት ሳያዩ አይስጡት።

አሁን ወደ እገዳው። አጣሪው ኩባንያው ከከሰረ በ3 ወር ውስጥ ስለ እያንዳንዱ ዳይሬክተር አካሄድ ለኢንሶልቨንሲ ሰርቪስ ሪፖርት ያደርጋል። መሥሪያ ቤቱ ለመክሰስ 3 ዓመት አለው። እገዳው ከ2 እስከ 15 ዓመት ነው፤ ፍርድ ቤቶች ቀላሉን ከ2 እስከ 5፣ መካከለኛውን ከ6 እስከ 10፣ ከባዱን ከ10 በላይ አድርገው ይመድቡታል። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ታችኛው ላይ ያርፋል። 2 ዓመት ግን ለእርስዎ ትንሽ አይደለም። እገዳው በምግብ ቤቱ ላይ ብቻ ሳይሆን በማንኛውም ኩባንያ ላይ ስለሆነ የጽዳት ሊሚትድዎን መምራት አይችሉም፤ በሚስትዎ ወይም በልጅዎ ስም አድርጎ መምራትም አይቻልም። ጥሶ መሥራት እስከ 2 ዓመት ያሳስራል፣ በዚያ ጊዜ የተፈጠረውንም ዕዳ በግል ያሸክማል። ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር ልጨምር፦ የታገደ ሰው የተመዘገበ የበጎ አድራጎት ድርጅት ባለአደራ (ትረስቲ) መሆን አይችልም። በቤተ ክርስቲያን ወይም በማኅበረሰብ ማኅበር ባለአደራ ከሆኑ ያንንም ቦታ ያጣሉ።

መሥሪያ ቤቱ ለመክሰስ ሲያስብ በቅድሚያ ደብዳቤ ይልካል። በዚያ ደብዳቤ ላይ ያለ ፍርድ ቤት በፈቃድ የእገዳ ግዴታ እንዲፈርሙ ሊጠይቅዎ ይችላል። ፊርማው እንደ ፍርድ ይቆጠራል፣ ስምዎም በታገዱ ዳይሬክተሮች መዝገብ ላይ ለሕዝብ ይወጣል፤ ጥቅሙ የክስ ወጪ ይቀንሳል፣ የዓመቱም ቁጥር ለድርድር ክፍት ነው። ከመፈረምዎ በፊት ጠበቃ ያማክሩ፣ ያቺንም ግማሽ ገጽ ቃለ ጉባኤ ይዘው ይሂዱ። ከታገዱም የጽዳት ኩባንያዎን በስሙ ጠቅሰው «በዚህ ብቻ እንድቀጥል ይፈቀድልኝ» ብለው ለፍርድ ቤት ማመልከት ይቻላል። ፍርድ ቤቱ ሲያየው የሚጠይቀው የጽዳቱ ኩባንያ ሒሳብ በጊዜው ገብቷል ወይ፣ ቫቱ ተከፍሏል ወይ የሚለውን ነው፤ ስለዚህ የራስዎን ኩባንያ ወረቀት ከዛሬ ጀምሮ አንድም ቀን አያሳልፉ።